ትምህርት ቤትን እንዴት እንመዝን? የትምህርት ጥራትና የአመራር ግምገማ ለሰበካ ጉባኤያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊሠራ በተነሣ ጊዜ ድንጋይ ለማስጠረብ አልቸኰለም። ከተማይቱ ገብቶ ሦስት ቀን ከቈየ በኋላ ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ በሌሊት ወጣ፤ የፈረሰውን ቅጥርና በእሳት የተበሉትን በሮች እየዞረ በዓይኑ መረመረ። ሕዝቡንና ካህናቱን ሰብስቦ ለሥራ የጠራቸው የጉዳቱን መጠን ካወቀ በኋላ ነው። ከዚያም ካህናቱ ሳይቀሩ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ጠገኑ። ይህ ታሪክ በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 2 እና 3 ተጽፎ ይገኛል።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ! በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ አካባቢዎች በምትገኙ አጥቢያዎቻችሁ አንጻር የቆመው ቅጥር አንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት በየስብሰባው ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የጣሪያውን ቆርቆሮ፣ የመቀመጫውን ማነስና የአጥሩን መፍረስ ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤት ዋናው ቅጥር በሕፃኑ ልቡና ውስጥ የሚታነጸው ንባብ፣ ስሌትና ማስተዋል ስለሆነ፣ እርሱ መፍረስ አለመፍረሱን ከውጭ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሰበካ ጉባኤያት የትምህርቱን ጥራትና የትምህርት ቤቱን አመራር በምን ሚዛን ሊመዝኑ እንደሚችሉ ማሳየት ነው።

፩. ጉዳዩ ለዋግ ኽምራ ለምን አስጨናቂ ሆነ?

ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጡት ሕፃናት ምን አልፈው እንደመጡ እናስብ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። ያን ጊዜ ጨቅላ ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ አሉ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱም ችግሩ በእኛ አካባቢ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ይመሰክራል። በጨቅላነቱ የተራበ ልጅ የሚጐዳው በቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ትኩረቱና የመማር ዐቅሙም አብሮ ይጐዳል።

በዚህ ላይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ዞናችንን አዳረሰ፤ ትምህርት ተቋረጠ፣ ንብረት ወደመ፣ ከአበርገሌና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ጠንቶ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አፈናቀለ። እንዲህ ያለውን መከራ ተሻግሮ ክፍል ውስጥ የተገኘ ሕፃን ቢያንስ ከክፍሉ የሚወስደው ነገር ሊኖረው ይገባል። ረኀብን ታግሦ፣ ዳገት ወጥቶና ቁልቁለት ወርዶ መጥቶ ሳያነብ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በደሉ እጥፍ ይሆናል።

ችግሩ የዋግ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስም ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዓመታት በኋላ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ አዝነናልም። ኀዘናችን ግን ዘግይቷል። በ12ኛ ክፍል የተገለጠው ውድቀት ብዙው የተጀመረው በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ነው። ሥሩ ያልያዘ ተክል ፍሬ በሚጠበቅበት ወራት ቢደርቅ ሊያስደንቀን አይገባም።

፪. መንግሥት የሚመዝንበት ሚዛን

የትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ መሠረት ትምህርት ቤቶች በሦስት ዐበይት ጉዳዮች ይመዘናሉ። የመጀመሪያው ግብዓት ሲሆን ሕንፃን፣ መጻሕፍትን፣ የሰው ኃይልንና በጀትን ይመለከታል፤ ከመቶው 25 ይይዛል። ሁለተኛው ሂደት ነው፤ መማር ማስተማሩን፣ ምዘናውን፣ አመራሩንና የወላጆችን ተሳትፎ ይመለከታል፤ 35 ይይዛል። ሦስተኛው ውጤት ሲሆን የተማሪዎችን የትምህርት ውጤት፣ ሥነ ምግባርና በትምህርት ገበታ መጽናትን ይመለከታል፤ ለእርሱ የተሰጠው 40 ነው። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያልደረሰ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያልደረሰ ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል።

ከዚህ ክፍፍል አንድ ቁም ነገር እንማራለን። አንድ ማኅበረሰብ ብዙ ገንዘብ አዋጥቶ ግንቡን ቢገነባ፣ ወንበሩን ቢያሟላና የግብዓቱን 25 ነጥብ አንድም ሳይጐድል ቢያገኝ፣ ሂደቱና ውጤቱ ግን ደካማ ቢሆኑ ትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 ላይወጣ ይችላል። በአንጻሩ ክፍሎቹ የጭቃ ሆነው መምህራኑ የሚተጉበት፣ ርእሰ መምህሩ የሚከታተልበትና ልጆቹ የሚያነቡበት ትምህርት ቤት ወደ ላይኛው ደረጃ የመቅረብ ዕድል አለው። እኛ ግን በየጉባኤያችን ጊዜያችንን የምናጠፋው ከመቶው ሩብ በሆነው ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሕንፃ ይታያል፣ ይቈጠራል፣ ለምረቃም ይመቻል። ንባብ ግን ቀርቦ ላላደመጠው ሰው አይታይም።

የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብርም በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች በአራት ዐበይት ርእሶች ራሳቸውን እንዲገመግሙ ያዝዛል፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። ይህ ግለ ግምገማ በርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተሞልቶ የሚላክ ቅጽ እንዳይሆን የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አባላት ሊሳተፉበት ይገባል። ብዙዎቻችሁ በወላጅነታችሁ የእነዚህ አካላት አባላት ስለሆናችሁ ግምገማውን የማየትና የመጠየቅ መብት አላችሁ።

፫. የአባቶቻችን ሚዛን

ከላይ የተጠቀሰው ሚዛን ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ሥርዐት ልጅ ከፊደል ገበታ ተነሥቶ፣ በቁጥር፣ በግእዝና በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ እስኪደርስ ድረስ የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ ይሰሙታል። ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከወንጌል ወደ ዳዊት የሚያሻግረው ችሎታው እንጂ የተቀመጠበት ዓመት አይደለም። በዕድሜ እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንዱ ዳዊት ሲደግም ሌላው ገና ፊደል ይቈጥር ይሆናል፤ የኔታ ግን ሁለቱም የት እንደ ደረሱ ያውቃሉ። የቀደመውም ልጅ የኋለኛውን ያስቀጽላል። ሕንፃ በሌለበት ግምገማ በየዕለቱ ነበረ።

ይህን የምናነሣው ዘመናዊውን ትምህርት ለመንቀፍ አይደለም። አንድ መምህር 60ና 70 ሕፃናት ይዞ እያንዳንዱን በየቀኑ ማድመጥ አይችልም፤ ይህን ሸክም ልንረዳለት ይገባል። ነገር ግን «ልጁ የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ ዘንድ ሊጠፋ አይገባም።

ከንባብም በላይ ማስተዋል አለ። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 እንደምናነበው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ሆኖ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሲያነብ ሰምቶታልና ማንበቡን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው። ጃንደረባውም ሳያፍር የሚመራው እንደሚያሻ ተናገረ። የዚያ ጥያቄ ልጆች የሆንን እኛ የልጆቻችንን ትምህርት ስንመዝን በጥያቄው በሁለቱም ደረጃ ማለፍ አለብን፤ መጀመሪያ ያነባልን? ቀጥሎም ያስተውላልን?

፬. ሕፃኑን ማድመጥ

የንባብ ምዘና ለማድረግ ብዙ ገንዘብም ሆነ ከፍተኛ ባለሙያ አያስፈልግም። ከርእሰ መምህሩና ከጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ጋር በመስማማት የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኅዳርና በግንቦት፣ በሚከተለው መንገድ ሊያከናውነው ይችላል።

በመጀመሪያ ከ3ኛ ክፍል የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ በየአምስተኛው ያለውን ስም በመውሰድ ተማሪዎችን መምረጥ ነው። ምርጫው ለመምህሩ ከተተወ ጐበዞቹ ይቀርባሉ፤ ይህም ሚዛኑን ያዛባዋል። ስሙ ተጠርቶ በዕለቱ ያልተገኘ ልጅ ካለ በሌላ ተክቶ ማለፍ አይገባም፤ መቅረቱ ራሱ አንድ ግኝት ስለሆነ ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ያልተወሰደ፣ ልጆቹ በሚያውቁት ሕይወት ላይ የተመሠረተ፣ ወደ 60 ቃላት የሚሆን አጭር ምንባብ ይዘጋጅ። ስለ ንብ ቀፎ፣ ስለ ገበያ ቀን ወይም ስለ ፍየል ጥበቃ ሊሆን ይችላል። የመጽሐፉ ምንባብ ከተሰጠ ልጁ በቃሉ የያዘውን ሊወጣው ይችላልና ንባብ መሆኑ አይታወቅም። በኽምጣና ቋንቋ በሚማሩ ልጆች ዘንድ ምንባቡ በኽምጣና ይሁን፤ ልጅን በማይማርበት ቋንቋ መዝኖ ደካማ ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ያነበበውን በሚያደምጥ ደግ ሰው ፊት ያንብብ። በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቈጠር፤ ጨርሶም እንዲያነብ ጊዜ ይሰጠው። ከዚያ በኋላ ስለ ምንባቡ አምስት ቀላል ጥያቄዎች ይጠየቅ፤ ቢያንስ አንዱ «ለምን?» የሚል ይሁን።

በመጨረሻም ልጆቹ በአራት ወገን ይመደቡ፤ ፊደል የማይለዩ፣ ቃላትን ለየብቻ የሚያነቡ፣ ዓረፍተ ነገር የሚያነቡ፣ አንብበው የሚያስተውሉ በማለት። የወንዶችና የሴቶች ቍጥር ተለይቶ ይጻፍ። ስሌትንም በተመሳሳይ መንገድ መመልከት ይቻላል፤ በገበያ መልስ መቀበል የሚችል ልጅ በወረቀት ላይ ያለውን መቀነስ ለምን እንዳልቻለ ጠይቆ መረዳት ለመምህሩ ትልቅ ትምህርት ይሆናል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። የልጆቹ ስም ከመዛኞቹና ከመምህሩ ውጭ እንዳይወጣ። በደጀ ሰላምም ሆነ በዕድር ላይ «የእገሌ ልጅ ማንበብ አቃተው» ከተባለ ልጁ ነገ ትምህርት ቤት አይመጣም። ምዘናው የሚፈርደው በሕፃኑ ላይ አይደለም፤ እኛ አዋቂዎች ምን እንደ ሠራን የሚነግረን ነው።

፭. የጠፋውን መቍጠር

ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ሪፖርት ያለፉትን ይነግረናል እንጂ የቀሩትን አይነግረንም። ለምሳሌ ያህል በአንድ ትምህርት ቤት ከስድስት ዓመት በፊት 80 ልጆች 1ኛ ክፍል ገብተው ነበር እንበል። ዛሬ 6ኛ ክፍል የደረሱት 30 ናቸው፤ 30ዎቹም ክልላዊውን ፈተና አለፉ። ሪፖርቱ «መቶ በመቶ አሳልፈናል» ይላል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ነገር ግን 50 ልጆች የት ሄዱ? ከፊሎቹ ክፍል ደግመው ይሆናል፣ ከፊሎቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው ይሆናል፤ የቀሩት ከብት ጥበቃ፣ ስደት ወይም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ወስዷቸው ይሆናል። አንድ በአንድ ካልተቈጠሩ አይታወቅም።

ጌታችን በምሳሌ የነገረን መልካም እረኛ መቶ በጎች ነበሩት፤ አንዱ ሲጠፋ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ፍለጋ ወጣ። እረኛው አንዱ መጥፋቱን ያወቀው ይቈጥር ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የ1ኛ ክፍል ምዝገባ መዝገብ ከአሁኑ የ6ኛ ክፍል መዝገብ ጋር እየተነጻጸረ የጐደሉት ልጆች በየጎጡ እንዲጠየቁ ማድረግ የግምገማው አካል ነው። በዓመቱ ውስጥም መስከረም ላይ የተመዘገቡትን በኅዳርና በታኅሣሥ መኸር በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ በጥር ሠርግ በሚበዛበት ወር፣ በመጨረሻም በሰኔ ከሚገኙት ጋር ማነጻጸር ልጆች መቼና ለምን እንደሚቀሩ በግልጽ ያሳያል።

፮. አመራሩን መመዘን

የትምህርት ቤት አመራር ሲባል የርእሰ መምህሩ ብቻ እንዳይመስለን፤ ምክትሉ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ ኅብረቱና ቦርዱ ሁሉ በአንድነት አመራር ናቸው። ቢሆንም ርእሰ መምህሩ ራስ ነውና ከእርሱ እንጀምር።

መልካም ርእሰ መምህር በምን ይታወቃል? በቢሮው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዕቅድ ብዛት አይደለም። በዚህ ወሰነ ትምህርት ስንት ጊዜ ክፍል ገብቶ የመምህራንን ሥራ ተመለከተ? ከተመለከተ በኋላ ከመምህሩ ጋር ምን ተወያዩ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባስ ምን ተሻሽሎ አገኘ? ለሕፃናቱ ለማንበብ የሚያስቸግሩት የትኞቹ ክፍሎች እንደሆኑ ሲጠየቅ ሰነድ ሳያገላብጥ ይመልሳልን? ለታችኛዎቹ ክፍሎች የመደበው ብርቱውን መምህር ነው ወይስ ሌላ ቦታ ያልተፈለገውን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል፤ 1ኛ ክፍልን ለደካማ መምህር የሚሰጥ ትምህርት ቤት ቤቱን በአሸዋ ላይ ይመሠርታልና።

የጊዜ አጠባበቅም ይመዘን። የመምህራን መገኛ መዝገብ ላይ የተፈረመውና በክፍል ውስጥ የሚታየው አንድ ነውን? ትምህርት በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ያልቃልን? የትምህርት ቤቱ ድጎማ ገንዘብ ስንት እንደመጣና በምን ላይ እንደዋለ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏልን? ግልጽነት ባለበት ሐሜት ይጠፋል፤ ወላጅም ለማዋጣት እጁ አይታጠርም።

በፍርዳችን ግን ሚዛናዊ እንሁን። ብዙ ርእሰ መምህራን ለስብሰባና ለሪፖርት ወደ ወረዳ ሲመላለሱ ሳምንቱ ያልቅባቸዋል። መምህራን በሩቅ ቀበሌ፣ ቤትና ውኃ በሌለበት፣ ደመወዛቸው በዘገየ ጊዜ እንኳ ሳይቀር ያስተምራሉ። ጦርነቱና ድርቁ በተማሪው ላይ የደረሰውን ያህል በመምህሩም ላይ ደርሷል። ስለዚህ ግምገማ የሚጀመረው «ማን አጠፋ?» ከሚለው ሳይሆን «ምን ይጐድላችኋል፣ እኛስ ምን እናግዛችሁ?» ከሚለው ነው። ነህምያም የፈረሰውን አይቶ ሲመለስ ሕዝቡን አልወቀሰም፤ ተነሡና እንሥራ ብሎ ጠራቸው እንጂ።

፯. የሰበካ ጉባኤው ድርሻና ወሰን

ይህን ስናደርግ ወሰናችንን ማወቅ ይገባናል። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁሉም ሕዝብ ልጆች፣ የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤቶቻችንም ልጆች የሚማሩበት ነው፤ በሕገ መንግሥቱም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጣል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ትምህርት ቤትን የሚመረምር ባለ ሥልጣን አይደለም። አባላቱ በወላጅነታቸው በኅብረቱና በቦርዱ በኩል ይሳተፋሉ፤ ካህናትም በምእመናን ዘንድ ባላቸው ተሰሚነት ይረዳሉ።

የዚህ ተሰሚነት ዋጋ ቀላል አይደለም። በየወሩ በሚከበሩት በዓላት ገበሬው ከእርሻ ይከለከላል፤ ትምህርት ግን የተከለከለ ሥራ እንዳልሆነና በዓሉ ልጅን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር እንዳይሆን ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቢያስተምር፣ በዓመት ውስጥ ብዙ የባከኑ የትምህርት ቀናት ይድናሉ። ዕድሜዋ 18 ላልሞላ ልጅ ሥርዐተ ተክሊልም ሆነ ቡራኬ እንደማይፈጸም አጥብቆ ቢናገርና በቃሉ ቢጸና፣ የ6ኛ ክፍል ሴት ልጆች ቍጥር ይጨምራል። የንስሐ አባት በየቤቱ ሲሄድ ከጸሎቱ በኋላ «ልጆቹ ዛሬ ትምህርት ቤት ዋሉን?» ብሎ ቢጠይቅ ወላጅ አይዘነጋውም። አጥቢያው ዐቅም ካለው ደግሞ ለመምህር ማረፊያ የሚሆን ቤት በማዘጋጀት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አማካይነት በዕረፍት ቀናት ንባብ በማስጠናት፣ የተማሪዎች ምገባ በሚካሄድበት ቦታ እንጨትና ውኃ በማቅረብ ሊያግዝ ይችላል። እነዚህ ሁሉ በየቤታችን አንጻር ያለውን ቅጥር መጠገን ናቸው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል የትምህርት ቤት ግምገማ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ ሕፃኑን ማድመጥ፣ የጐደለውን መቍጠር፣ አመራሩን በሥራው መጠየቅና ማገዝ። ሕንፃውን መጠበቅ ሳንተው ከመቶው ሩብ ወደ ቀሪው ሦስት እጅ ዓይናችንን እናዙር። መከራ ያየው የዋግ ሕፃን ዳግመኛ በእኛ ቸልተኝነት እንዳይጐዳ፣ መክሊቱም በመሬት እንዳይቀበር አደራው በእያንዳንዳችን ላይ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት በሰበካ ጉባኤያችን ወይም በቦርዱ ስብሰባ ስለ ትምህርት ቤቱ ካነሣናቸው ጉዳዮች ስንቱ ስለ ሕንፃ፣ ስንቱ ስለ ልጆቹ ንባብና ስሌት ነበር?

2. በአጥቢያችን ባለው ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ካሉት ልጆች አንብበው የሚያስተውሉት ምን ያህል እንደሆኑ እናውቃለንን? ለማወቅስ ከማን ጋር መነጋገር አለብን?

3. ከስድስት ዓመት በፊት 1ኛ ክፍል ገብተው ዛሬ በክፍል የሌሉትን ልጆች በየጎጡ ማን ይጠይቅ? መቼ ሪፖርት ይቅረብ?

4. ለመምህራኑና ለርእሰ መምህሩ ሥራ እንቅፋት ከሆኑት ነገሮች መካከል በአጥቢያችን ዐቅም በዚህ ዓመት ልናቃልለው የምንችለው አንድ ነገር የትኛው ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።